ለእህቴ ማረፊያ ፍለጋ፤ ከአሰላ አቃቂ

አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁ ብል ውሸት አይሆንም። ግን ፒያሳን አላየሁም፣ መርካቶን አልረገጥኩም። የሄድኩት አቃቂ ነው፤ የተመለስኩትም ከአቃቂ ነው። ጎረቤቶቼ «እንዴት ነበር አገሩ?» እያሉ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ስለጠፋኝ፣ ያየሁትን ቀን በቀን ለይቼ ልጽፈው ተቀመጥኩ። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ ሰፈር የሚወስድ ጉዳይ የላችሁም። እንዲኖራችሁም አልመኝም።

የእኔ ጉዳይ እህቴ ናት። አስካለ ትባላለች፤ ታላቄ ስለሆነች እቴቴ እላታለሁ። ገና በኮረዳነቷ ከአሰላ ሄዳ አቃቂ ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠረች፤ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው ጡረታ ወጣች። አምና ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ በሙሉ ከዳት። ቀኝ እጇና አንደበቷ ተረፉላት። የምታስታምማት አንዲት ልጇ ሰናይት ቂሊንጦ የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ልጅ ናት። በቀደም ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

«አክስቴ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እዚሁ አቃቂ አግኝቻለሁ። እማዬን ከማስገባቴ በፊት ይምጡና በነርስ ዓይን ይዩልኝ። እኔ ያሳዩኝን ሁሉ ጥሩ ነው ብዬ ነው የምመለሰው።»

ነርስ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ግን ዓይን ጡረታ አይወጣም።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ስኳር አንድ እግሩን ካሳጣው ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የማሻግረው እኔ ነኝ። እሱን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በጠዋት ተነሳሁ። ጭላሎ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነበር። ኢተያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ስንዴው ቀረ፣ ቅዝቃዜውም ቀረ፤ አዳማ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ።

ከአዳማ ቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። ሾፌሩን አስቀድሜ «አቃቂ ላይ አውርደኝ» ብዬው ነበር፤ እሺም ብሎኛል። አቃቂ ስንደርስ ግን ሽው ብሎ አለፈ። ብጮህ ረዳቱ ዞሮ «ማዘር፣ ትራፊክ አለ፣ መናኸሪያ ነው የምናወርደው» አለኝ። ቃሊቲ መናኸሪያ ከነሻንጣዬ ተራገፍኩ። በእኛ አገር ሾፌር አሮጊት አሳልፎ ቢወስድ ማታውኑ ለእናቱ ይነገርበታል። እዚህ ለማን ይነገራል?

ወደ ኋላ በሚመልሰኝ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ባዶ ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛለች። ከማረሚያ ቤት መምጣቷ ነው፤ ልጇ እዚያ ታስሯል።

«በየቀኑ ትመላለሻለሽ?» አልኳት።

«ታዲያስ። ካልሄድኩ እኮ የተረሳ ይመስለዋል» አለች።

መንገድ ዳር ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ሴቶች ብዙ አየሁ። ያቺ ሴት የእኔን ሻንጣ በአንድ እጇ፣ ምሳ ዕቃዋን በሌላው ይዛ ከታክሲው አወረደችኝ፤ ባጃጅ ጠርታ፣ ለባጃጁ ሾፌር ሰፈሩን በደንብ አስረድታው ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። በዚያ ጉዞ ከገጠመኝ ሁሉ ያለ ቅሬታ የማስታውሰው እሷን ነው።

እቴቴ አልጋዋ መስኮት ሥር ነው። ስታየኝ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ።

«መጣሽ ሙሉ? አይተሽ ልትወስኚብኝ ነው አሉ።»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል» አለች።

ከመቀመጤ በፊት ጀርባዋንና ተረከዟን ገልጬ አየሁ። ንጹሕ ነው፤ አንድ ቁስል የለም። የተኛ ሰውን ጀርባ ያለ ቁስል ማቆየት ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰናይትን አመሰገንኳት፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፣ ድንች ወጡን ማቅረብ ቀጠለች። ከስታለች። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በረንዳው በጀሪካን ተሞልቷል። የዚህ ከተማ ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይወጣል ሲባል እሰማ ነበር። አጠጪዎቹ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። እኛ ከተራራው የሚወርደውን እየጠጣን ስንማረር ሳስብ አፈርኩ።

ረቡዕ

የቀጠሯችን ቀን ነው። እኔና ሰናይት አብረን ስንወጣ «እቴቴስ ከማን ጋር ትሆናለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «ጎረቤት አለች» አለችኝና ቀድሜ ባጃጅ እንድጠራ ላከችኝ።

ቤቱ ለመኖሪያ ተሠርቶ የተከራየ ፎቅ ነው። ፊት ለፊቱ ከባድ መኪኖች ያለ ማቋረጥ ያልፋሉ፤ በር ላይ የተተከሉት አበቦች አቧራ ለብሰው ግራጫ ሆነዋል። ሥራ አስኪያጇ ገና ወጣት ናት፣ ኮት የለበሰች፣ አነጋገሯ የታረመ። «እንደ እናት ነው የምናያቸው» አለችን። በየክፍሉ ስትገባ ደጋግማ አለችው።

ጥሩውን ላስቀድም። አንሶላው ነጭ ነው። የበረኪና ሽታ እንጂ የሽንት ሽታ የለም። ሳሎኑ ውስጥ አረጋውያኑ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ሻይ በወተት ይጠጣሉ። ሰናይት ክንዴን ጫን አድርጋ ይዛኝ «ጥሩ ነው አይደል?» አለች። ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ግን ወለሉን አየሁት። ሴራሚኩ መልክ ያሳያል፤ እርጥብ እግር አንዴ ካረፈበት ዳሌ ይሰብራል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ የሚሆን ብረት የለም። መውጫው በር አንድ ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ የፍርግርግ ብረት አላቸው። መድኃኒቶቹ አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀላቅለዋል። ይህን ሁሉ ስጠይቃት ሥራ አስኪያጇ «በፕሮሰስ ላይ ነው» አለችኝ።

ከሴቶቹ አንዷ ሻይ ላይም አልነበሩም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ገለጥ አደረግኩ። ተረከዛቸው ጠቁሯል። ከውስጥ የሞተ ሥጋ ነው። «ከቤታቸው ሲመጡ ይዘውት የመጡት ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ። ሊሆን ይችላል። በነርስነት ዘመኔ «ቁስሉ እኛ ጋ ነው የጀመረው» ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ልንወጣ ስንል አንድ ሽማግሌ ጠቀሱኝ። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ በድሮው ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው እዚሁ አቃቂ የቀሩ ሰው ናቸው። የያዙትን ብርጭቆ ከፍ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ነገም ትመጫለሽ?» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«ስትመጪ ወተት አለው።»

ሐሙስ

ሳልነግራቸው ሄድኩ። ሰናይት ከሰዓት ገቢ ስለነበረች ረፋዱ ላይ ከእቴቴ ጋር ትቻት ወጣሁ። ሰናይትም «ስወጣ ለጎረቤታችን እነግራለሁ፣ አያስቡ» አለችኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደግሜ ባንኳኳ ከውስጥ የእግር ኮቴ መጣና በስንጥቁ አንዲት ልጅ አናገረችኝ። ትላንት ሻዩን ስታድል ያየኋት አስታማሚ፣ ጫልቱ ነች።

«እማማ፣ መክፈት አልችልም። ቁልፉ ከዘበኛው ጋር ነው።»

«ዘበኛውስ?»

«ምሳ ሄዷል።»

«አንቺ ከውስጥ ተቆልፎብሽ ነው?»

«አዎ።»

«እሳት ቢነሳስ?»

«እሱን አያንሱብኝ እማማ። እኔም አብሬያቸው ነኝ» አለች።

ዘበኛው ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ እስኪመጣ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ። ከፈተልኝ፤ ማን እንደሆንኩም አልጠየቀኝም።

ትላንት ክብ ሠርተው ያየኋቸው አረጋውያን ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ዛሬ ግን በተቀደደ አንሶላ ወገባቸው ከወንበሩ ጋር ታስሯል። የጋሽ ወልዴ እጆችም ጭምር። አንሶላው ነጭ ነው፤ የትላንቱ ዓይነት ነው። ከሥራቸው የረጠበ አለ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የለም። የአንዲቱን እናት የእጅ ቆዳ ቆንጥጬ ብለቀው እንደተነሳ ቆመ፤ ውሃ የጠማው ሰውነት እንዲህ ነው።

«ለምን ውሃ አይጠጡም?» አልኳት ጫልቱን።

«ከጠጡ ይሸናሉ። ብቻዬን ነኝ፤ ሁለተኛዋ ሥራ ለቃለች። ማንን ይዤ ማንን ልቀይር?»

«ማሰሩስ?»

«ካላሰርኳቸው ይነሳሉ፤ ከተነሱ ይወድቃሉ። ባለፈው አንዲት እናት ወለሉ ላይ ተንሸራተው ወደቁ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ አልተመለሱም። ልጆቻቸው የጮሁት እኔ ላይ ነው።» ይህን ስትናገር የአንዱን ሽማግሌ አፍ በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ነበር። ጫልቱ ከዚሁ አካባቢ ገበሬ ቤተሰብ የተወለደች ናት፤ መሬታቸው ወደ ከተማ ሲጠቃለል ሥራ ያገኘችው እዚህ ነው። እጇ ደግ ነው። እጇ ግን ሁለት ብቻ ነው።

ነጠላዬን አጣፍቼ አብሬያት ገባሁበት። የታሰሩትን ፈታን፣ አጠብን፣ ልብስ ቀየርን፣ በማንኪያ ውሃ አጠጣን። ተረከዛቸው የጠቆረውን ሴት ጎናቸውን አዙረን ከእግራቸው ሥር ትራስ አደረግን። ጋሽ ወልዴ እጃቸው ሲፈታ ሁለቱን አንጓዎቻቸውን እያሻሹ ቆዩና «የሞተ ባቡር እንኳ ሀዲዱ ላይ ነው የሚቆመው፣ አይታሰርም» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

ሥራ አስኪያጇ በኋላ መጣች። ተቆጣሁ ማለት አይቻልም፤ እጄ ገና ሳሙና ነበረው። ያየሁትን ነገርኳት። እሷም ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ የትላንቱ አነጋገሯም የለም።

«ልክ ነዎት» አለችኝ። «እዚህ መሥራት የሚፈልግ ሰው የለም። ሁሉም ፋብሪካ ነው የሚሄደው። ነገ ብዘጋው ማን ይወስዳቸዋል? ከእነዚህ መካከል ከመጡ ጀምሮ ጠያቂ አይተው የማያውቁ አሉ።»

ያን ጊዜ የማክሰኞዋ ሴት ትዝ አለችኝ። እስረኛ ጠያቂ አለው። ጥፋት የሠራውም ያልሠራውም ምሳ ዕቃ ይመጣለታል። ማርጀት ግን ምን ዓይነት ጥፋት ቢሆን ነው የሚጠይቅ እንኳ የሚያሳጣው?

ለሰናይት የምነግራትን በልቤ እያዘጋጀሁ፣ እዚያስ እህቴን አላስገባም እያልኩ ቤት ደረስኩ። በሩ ላይ ከውጭ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከዚያ በመስኮቱ የእቴቴ ድምፅ መጣ። «ሙሉ ነሽ?»

ጎረቤቷ ሴትዮ ከቤታቸው ወጡ። «ሁልጊዜ ቆልፋ ነው የምትሄደው» አሉኝ። «እኔ ቁልፍ የለኝም። በመስኮት እጣራቸዋለሁ፣ ሻይም በመስኮት አቀብላቸዋለሁ። ለሰናይት ልደውልላት?» ደወሉላት፤ ወንበርም አምጥተው ከመስኮቱ ሥር አስቀመጡልኝ። ቂጣ በሻይም ሰጡኝ። ያለ እሳቸው ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

በፍርግርጉ መካከል የእቴቴን ቀኝ እጅ ያዝኩ። ልብሷ እንደረጠበ ከሽታው አውቄያለሁ፤ ገብቼ መቀየር አልችልም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጄን ልክሰስልሽ?» አለች። «አንድ ጊዜ ክፍት ትታው ሄደች። እየተሳብኩ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ወደቅኩ፤ ዝናብ ሲመታኝ አገኘችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የቆለፈችው። ስትቆልፈው እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እሰማለሁ።»

ቀጥላም «ያ ቤትስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ አይደለም። ያስሯቸዋል እቴቴ። ከወንበር ጋር። ውሃም በቅጡ አይሰጧቸውም።»

«ብዙ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ያወራሉ?»

«ማን?»

«ሰዎቹ። እርስ በርሳቸው።»

ጋሽ ወልዴን አሰብኳቸው። «ያወራሉ» አልኳት።

እጄን ጨበጥ አደረገችው።

ሰናይት አለቃዋን ለምና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ጓጉንቸሩን ከፍታ ገባች። አልተናገርኳትም። እናቷን ቀይራ፣ ምንጣፉን አጥባ ከጨረሰች በኋላ ግን ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ እዚያ ቢያስሯትም የሚያያት ሰው አለ» አለች። «እዚህ የሚያያት ግድግዳ ነው። እኔ መምረጥ ስላቃተኝ ነው እርስዎን የጠራሁት።»

ዓርብ

ጠዋት ለእቴቴ አሰላ ልውሰድሽ አልኳት። ከልቤ ነበር። ሌሊቱን በሐሳቤ ሁለተኛ አልጋ የት እንደምዘረጋ ስለካ አድሬያለሁ።

ሳቀች። ስትሮኩ ፈገግታዋን ወደ አንድ ጎን ጎትቶታል። «ባልሽን ተሸክመሽ፣ እኔን ተሸክመሽ፣ ሦስተኛ በሽተኛ ልትሆኚ ነው? ወገብሽን ይዘሽ እንዴት እንደምትነሺ አይቻለሁ እኮ። እዚያ ቤት እገባለሁ። ቢያንስ ሰው ሲሳሳል እሰማለሁ።»

«እቴቴ፣ ያየሁትን ነግሬሻለሁ።»

«ነግረሽኛል። የጠራንሽ ለዚያ ነው፤ ሥራሽን ሠርተሻል። የሚቀረው የእኔ ነው።»

በነርስነቴ ብዙ ሰው አሳምኛለሁ። መርፌ የፈራውን፣ ቀዶ ጥገና እምቢ ያለውን። እሷን የማሳምንበት ግን አጣሁ፤ የማቀርብላት ሌላ ቤት የለኝማ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ሥራ አስኪያጇ ሄድኩ። ሁለተኛ ቁልፍ ከውስጥ በሩ አጠገብ ይሰቀል አልኳት። ለመታጠቢያ ቤቱ የሚያዝ ብረት ይበየድ፣ ውሃ በየአልጋው ይቀመጥ፣ የተኙት በቀን ደጋግመው ይገላበጡ፣ ጫልቱ ሰው ይጨመርላት አልኳት። ሁሉንም እሺ አለች። ቁልፉን ዓይኔ እያየ ሰቀለችው፤ የቀረውን እሺታ ይዤ ተመለስኩ። ያን ቀን እራት ላይ ሽሮው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ሰናይት የእናቷን ልብሶች እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስታስገባ፣ እቴቴ ከአልጋዋ ሆና «ሰማያዊዋን ሹራብ ተዪያት፣ ላንቺ ትሆናለች» እያለች ታከፋፍል ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ልብሱን ሲያወርስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ

በባጃጅ ወሰድናት። እኔ በአንድ ጎን፣ ሰናይት በሌላው ደግፈናት፣ እሷ መካከል። መንገዱ ጉድጓድ በበዛበት ሁሉ ባጃጁ ሲዘል «ቀስ በል ልጄ» ትላለች ለሾፌሩ፤ እሱም «እሺ እማማ» እያለ በእግር የምንሄድ እስኪመስል ቀስ አለ። የድሮ ፋብሪካዋ አጥር አጠገብ ስናልፍ ፊቷን አላዞረችም።

ቁልፉ ከተሰቀለበት አልተነሳም። የሚያዘው ብረት የለም። ውሃው ከአንዳንዱ አልጋ አጠገብ አለ፣ ከአንዳንዱ የለም። ለጫልቱ የተጨመረላት ሰው የለም። ጋሽ ወልዴ አዲስ ሰው መምጣቱን አይተው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር በክርናቸው ገፋ አደረጉላት፤ እጃቸው ታስሯል።

እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ሰናይት የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ፈረቃዋ ስለደረሰ፣ ዞር ብላ ሳታይ ወጣች። ጫልቱ አንሶላውን ይዛ መጣችና ቆመች። እኔን ታያለች፣ እቴቴን ታያለች፣ መጀመር አልቻለችም።

እህቴ ቀኝ እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ስታስሪኝ ልጄ፣ ይኼን እጄን ተዪልኝ» አለቻት። «የቀረኝ እሱ ነው። ሌላውን እንደፈለግሽ።»

«እሺ እማማ» አለች ጫልቱ። አንሶላውን በእቴቴ ወገብ አዞረችው፤ አላጠበቀችውም፣ ቋጠሮው ጎኗ ላይ አረፈ። እዚያ ላይ ከዋለ ቆዳ ይቆርጣል። እኔም፣ ይህን ቤት በነርስ ዓይን አይቼ እንድከለክል የተጠራሁት ሴት፣ ተንበረከክኩና አንሶላውን በሰፊው አጠፍኩት። ቋጠሮው ከወንበሩ ኋላ ሲሆን ሥጋ እንደማይነካ ለጫልቱ አሳየኋት።